ስለ ማቀዝቀዣ መኪናዎች ዘይት አመራረጥ



በየልኳንዳው ቤት፣ በየሆቴሉ፣ በየመድኀኒት ማከማቻውና በየአበባ እርሻው ብርድ ሲሠራ የሚያድር አንድ መኪና አለ። ብዙዎቻችን ይህን መኪና የምናውቀው በድምፁና በመብራት ሒሳቡ ብቻ ነው። «ጋዙ አለቀ»፣ «ጋዝ ይሞላ» ሲባል ስለምንሰማ በሆዱ ውስጥ ጋዝ መኖሩን እናውቃለን፤ ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር ዘይት መኖሩን የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህን ዘይት ዓይን አያየውም፤ እንደ አውቶሞቢል ዘይትም በየጊዜው አይለወጥም፤ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተጨመረለት ዘይት ብዙ ጊዜ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያገለግለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጋዙ ሳይለወጥ የኖረ እንደ ሆነ ነው። አሮጌው ጋዝ ከገበያ እየጠፋ፣ ዋጋውም እየናረ በመሄዱ፣ ባለንብረቶች መኪናውን ሳይጥሉ በሌላ ጋዝ እንዲሠራ ማስለወጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። በዚህ ጊዜ «ጋዙስ ተለወጠ፤ ዘይቱስ?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ በሰፈራችን የደረሰውን ላጫውታችሁ። አንድ የልኳንዳ ቤት ባለቤት፣ በዕድሜም በጠባይም የምናከብራቸው ሰው፣ ሥጋ የሚያሳድሩበት የብርድ ክፍል አላቸው። ኮምፕረሰሩ ከጣራ ላይ ተቀምጧል፤ ብርዱን የሚሰጠው ጥቅል ቧንቧ ግን ከታች ከክፍሉ ውስጥ ነው። መኪናው ሲሠራ የኖረው አር 22 በሚባለው ጋዝ ነበር። ጋዙ ስለ ተወደደባቸው በዐቢይ ጾም፣ ልኳንዳው ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ ሠራተኛ ጠርተው አር 407ሲ በሚባለው አስለወጡት። ሠራተኛውም «ግፊቱ ከአሮጌው ጋር የተቀራረበ ነው፤ ሌላ የሚነካ ነገር የለም» አላቸው። ስለ ግፊቱ የተናገረው እውነት ነበር። ጾሙ ተፈታ፤ ክፍሉም እንደ ድሮው ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሥጋ ያለ እረፍት በሚበላበት ወራት፣ ኮምፕረሰሩ እንደ መዶሻ ይመታ ጀመር፤ በማግሥቱም ደርቆ ቀረ። የሁለት በሬ ሥጋ ተበላሸ። ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ ቢከፍተው በኮምፕረሰሩ ውስጥ ዘይት የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ከታች ያለውን ጥቅል ቧንቧ ቢፈታው ግን ከአንድ ሊትር በላይ ዘይት ከዚያ ተቀዳ። ዘይቱ አልፈሰሰም፤ አልተቃጠለምም፤ በሄደበት ቀርቶ ነበር እንጂ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ኮምፕረሰር ማለት ጋዙን ከብርድ ክፍሉ እየሳበ፣ እየጨመቀም ወደ ኮንደንሰር የሚገፋ ፓምፕ ነው። በውስጡ ፒስተን ወይም ሌላ የሚዞር አካል አለ፤ በብዙዎቹም የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከፓምፑ ጋር በአንድ የብረት ቅል ውስጥ ታሽጎ ይገኛል። ዘይቱ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ ያለሰልሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ ያወጣል፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተትም ይዘጋል። የአውቶሞቢል ሞተር ዘይት ከቤቱ ሳይወጣ ይሠራል። የማቀዝቀዣ ዘይት ግን መንገደኛ ነው። ኮምፕረሰሩ ጋዝ በገፋ ቁጥር ጥቂት ዘይት እንደ ጉም ሆኖ አብሮ ይወጣል፤ በኮንደንሰሩ አልፎ፣ ጠባቡን ማለፊያ ተሻግሮ፣ ወደ ቀዝቃዛው ጥቅል ቧንቧ ይገባል። ከዚያ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። የሚመልሰውም ያው ጋዙ ነው። ጋዙ በዘይቱ ውስጥ ሲሟሟ ዘይቱ ይቀጥናል፤ የቀጠነውንም ዘይት የሚሮጠው ጋዝ በቧንቧው ግድግዳ ላይ እየገፋ ያመጣዋል። ጋዙና ዘይቱ የማይስማሙ ከሆነ ግን ዘይቱ በብርዱ ውስጥ እንደ ማር ይወፍርና ከግድግዳው ተለጥፎ ይቀራል። ቧንቧው እንደ ልኳንዳው ወደ ጣራ የሚወጣ ከሆነማ መመለሱ ጭራሽ ይከብዳል።

በዚያ የተከማቸው ዘይት ጉዳቱ በኮምፕረሰሩ ድርቀት ብቻ አይወሰንም። ቧንቧውን ከውስጥ እንደ ጋቢ ስለሚያለብሰው መኪናው ብዙ መብራት እየበላ ጥቂት ብርድ ይሰጣል። ደግሞም አንድ ቀን ተሰብስቦ በድንገት የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ፈሳሽ የማይጨመቅ ነገር ነውና፣ የኮምፕረሰሩን ቫልቭ ይሰብራል። በልኳንዳው የተሰማው የመዶሻ ድምፅ ግን ዘይት አጥቶ የተበላ ኩሽኔታ ድምፅ ነበር።

እንግዲህ ጋዙን መለወጥ ለምን አስፈለገ? ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በቀድሞው ዘመን የብርድ መኪናዎች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳዮክሳይድና እነዚህን በመሳሰሉ መርዛም ጋዞች ነበር። በ1928 ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊና ባልደረቦቹ የማይነድና የማይመርዝ ጋዝ ሠሩ፤ ይኸውም ኋላ አር 12 የተባለው ነው። አር 22ም የዚሁ ዘመድ ነው። እነዚህን ጋዞች ነው ባለሙያዎቻችን በጅምላው ፍሪዮን እያሉ የሚጠሩዋቸው። በሁለቱም ውስጥ ክሎሪን አለ። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ የተባሉት ሊቃውንት እንደ አር 12 ያሉት ጋዞች ወደ ላይኛው አየር ወጥተው ክሎሪናቸው የኦዞንን ሽፋን እንደሚያፈርስ አስረዱ። በ1985 በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ሽፋኑ በብርቱ መሳሳቱ ታትሞ ተነገረ፤ በ1987ም በሞንትሪያል ከተማ መንግሥታት ውል ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ በ1994 የውሉ ተካፋይ ሆናለች። በዚህ ውል መሠረት አር 12 በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከ2010 ጀምሮ ቀርቷል፤ አር 22ም ከዓመት ወደ ዓመት እየተቀነሰ ሄዶ በ2030፣ ለጥገና ከሚተወው ጥቂት በቀር፣ እንዲያበቃ ተወስኗል። ስለዚህ ባለ አር 22 የብርድ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ፣ ይህ ጥያቄ ይደርስበታል።

ክሎሪን የኦዞን ጠላት ይሁን እንጂ ለኮምፕረሰር ብዙ ውለታ ሲውል የኖረ ነገር ነው። አንደኛ ክሎሪን ያለባቸው ጋዞች ከነዳጅ ከሚጣራው ተራ የማዕድን ዘይት ጋር ይዋሐዳሉ፤ አር 12 ፈጽሞ፣ አር 22ም በብርቱ ብርድ መለያየት ቢጀምርም በብዙው ይስማማሉ። ሁለተኛም ክሎሪኑ በብረቱ ገጽ ላይ እጅግ ቀጭን ሽፋን ያበጅ ነበርና ዘይቱ በሳሳበት ጊዜ ብረቱን ከመፋጨት ይጠብቀው ነበር። በአዲሶቹ ጋዞች፣ ማለት በአር 134ኤ፣ በአር 404ኤ፣ በአር 407ሲና በመሳሰሉት፣ ክሎሪን የለም። ከማዕድን ዘይት ጋር አይዋሐዱም፤ የብረት ሽፋንም አይሠሩም። እንግዲህ ጋዙ ሲሰጥ የነበረውን አገልግሎት አሁን ዘይቱ ራሱ ይዞ መምጣት አለበት ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ ዘይትን ሁሉ እንደ አንድ ነገር ይቈጥረዋልና።

በገበያ የሚገኙት ዘይቶች በአራት ወገን ሊታዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የማዕድን ዘይት ነው። ለብርድ የሚሆነው ሰም የሌለበት ወይም እጅግ ያነሰበት ነዳጅ ተመርጦ የተጣራው ነው፤ ሰም ካለበት በብርድ ይረጋና ጠባቡን ማለፊያ ይደፍናልና። ሱኒሶ 3ጂኤስ በሚባል ስም በየሱቁ የሚታወቀው ከዚህ ወገን ነው። ከዚህ ቀጥሎ አልኪልቤንዚን የሚባለው በፋብሪካ የሚሠራ ዘይት ይመጣል፤ በብርቱ ብርድ ከአር 22 ጋር ከማዕድን ዘይት ይበልጥ ስለሚስማማ የበረዶ ክፍሎች የሚሠሩት ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው። ሦስተኛው ፖሊዮል ኤስተር፣ በባለሙያዎች አነጋገር ፒኦኢ፣ የሚባለው ነው። ይህ ከአልኮልና ከአሲድ ተጋብቶ የተገኘ ሰው ሠራሽ ዘይት ነው፤ የዚሁ ዘመዶች በጄት አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ያገለግላሉ። ከአዲሶቹ ጋዞች ጋር በሚገባ ይዋሐዳል፤ ከአሮጌዎቹም አይጣላም፤ የተረፈ የማዕድን ዘይትንም ይታገሣል። አራተኛው ፖሊአልኪሊን ግላይኮል፣ ባጭሩ ፓግ፣ ሲሆን በአውቶሞቢል ማቀዝቀዣ ከአር 134ኤ ጋር የታወቀ ነው። ነገር ግን ፓግ የክሎሪንን ቅሪት አይወድም፤ ስለዚህ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ሲሠራበት በኖረ መኪና ውስጥ እርሱን መጨመር አይመከርም።

ከዚህ የተነሣ ለልኳንዳው ዓይነት የብርድ ክፍል፣ አር 22 ወጥቶ አር 407ሲ ወይም አር 404ኤ የሚገባ ከሆነ፣ የሚመረጠው ዘይት ፒኦኢ መሆኑ አያጠራጥርም። ወደ ሌላ ጋዝ የሚሄድ ሰው ግን ይህን እንደ ሕግ ይዞ እንዳይሳሳት። አይሶቡቴን በሚባለው፣ በዛሬዎቹ የቤት ፍሪጆች ውስጥ በሚገኘው ጋዝ፣ የማዕድን ዘይት በደኅና ይሠራል። የአሞኒያ መኪና ደግሞ ፒኦኢ ፈጽሞ አይገባበትም፤ አሞኒያ ኤስተሩን ያፈርሰዋልና። አሞኒያ ከማዕድን ዘይት ጋር ሳይዋሐድ ይኖራል፤ ዘይቱም ከጋዙ ስለሚከብድ ከዝቅተኛው ቦታ በቧንቧ እየተቀዳ ይወጣል። ይኸውም አለመዋሐድ ሁልጊዜ ጥፋት እንዳልሆነ ያሳያል፤ መኪናው ከመጀመሪያው ለዚያ ተብሎ ከተሠራ።

ወገኑ ከታወቀ በኋላ ውፍረቱ ይጠየቃል። በቆርቆሮው ላይ 32፣ 46፣ 68 የሚል ቁጥር ይነበባል። አንዳንድ ነጋዴዎች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ የተሻለ እንደ ሆነ አድርገው ሲሸጡ ሰምቻለሁ። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሙቀት ያለውን የውፍረት ልክ የሚያመለክት ነው እንጂ። ፒስተን ያላቸው መካከለኛ የብርድ ክፍል ኮምፕረሰሮች ብዙ ጊዜ 32 ይጠይቃሉ፤ ትናንሾቹ የቤት ፍሪጆች ከዚያ ይቀጥናሉ፤ ባለ ጠመዝማዛዎቹ ትልልቅ ኮምፕረሰሮች ደግሞ 68ንም ከዚያ በላይም ይፈልጋሉ። ከልክ በላይ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታውን አያድነውም፤ ከልክ በላይ የወፈረ ደግሞ በብርዱ ቧንቧ ተኝቶ ይቀራል፤ ሞተሩም ሲነሣ ይደክማል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በሻጩ አፍ ላይ ሳይሆን ኮምፕረሰሩን የሠራው ፋብሪካ በሰሌዳው ላይ ወይም በመጽሐፉ ባተመው ላይ ነው። እንዲያውም አንድ ፋብሪካ የፈቀደው ፒኦኢ ሌላው የማይፈቅደው ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ የሚጨመረው ቅመም ይለያያልና።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ደርሰናል፤ እርሱም ውሃ ነው። ፒኦኢ በጎነቱ ብዙ ቢሆንም አንድ ክፉ አመል አለው፤ ውሃን ከአየር ላይ እየሳበ ይጠጣል። የማዕድን ዘይት የሚይዘው ውሃ ከሚሊዮን እጅ ጥቂት አሥር እጅ ብቻ ሲሆን ፒኦኢ ከሺሕ እጅ በላይ ሊጠጣ ይችላል። አዲስ የታሸገው ዘይት ከ50 እጅ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። ኤስተር ከአልኮልና ከአሲድ ተጋብቶ እንደሚገኝ ተናግረናል። በዚያ ጋብቻ ጊዜ ውሃ ይለቀቃል፤ ውሃው ተመልሶ ሲገባና ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ጋብቻው ይፈርሳል፤ አሲዱም ለብቻው ይወጣል። አሲዱ የሞተሩን ሽቦ ቀለም ይበላል፤ ከቧንቧው ላይ መዳብ ይልሳል፤ የላሰውንም መዳብ ወስዶ በኩሽኔታውና በቫልቩ ላይ ይለብጠዋል። የተቃጠለ ኮምፕረሰር ሲከፈት ብረቱ ቀላ ብሎ እንደ መዳብ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የፒኦኢ ቆርቆሮ ከተከፈተ በዚያው ሰዓት ሥራ ላይ መዋል ይኖርበታል። «የተረፈውን ክዳኑን ገጥሜ ለሌላ ሥራ አኖረዋለሁ» ማለት ቁጠባ ይመስላል፤ የሚያስከትለው ወጪ ግን የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ብቻ አይሆንም። በፕላስቲክ ዕቃ ገልብጦ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ፕላስቲክ ርጥበትን ቀስ በቀስ ያሳልፋል። በክረምት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ በጣራ ላይ ክፍት ቆርቆሮ አስቀምጦ መሥራት ጭራሽ አይገባም።

ውሃን ከቧንቧው ለማውጣት አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ መሳብ የታወቀ ነው። ግፊቱ ወደ 17 ሚሊሜትር ተኩል የሜርኩሪ ሲወርድ ውሃ በ20 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ደግሞ በቀላሉ ተንኖ ይወጣል። እዚህ ላይ በከፍተኛ አገር የምንኖር ሰዎች ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ተራው ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው። በባሕር ጠረፍ ፍጹም ባዶ የሆነ ቧንቧ 30 ኢንች ገደማ ያሳያል፤ በአዲስ አበባ ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ከ23 ኢንች ብዙም አያልፍም። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ ወይም ከዚህ የባሰው ይሆናል፤ መርፌው 20 ሲደርስ «ይህን ያህል ከወረደ ይበቃል» ብሎ ያቆማል፤ በቧንቧው ውስጥ ግን ገና ብዙ አየርና ርጥበት አለ። የሚታመነው በማይክሮን የሚቈጥረው መለኪያ ነው፤ እርሱ ፍጹሙን ግፊት ስለሚለካ ከፍታ አያሳስተውም። 500 ማይክሮን ደርሶ፣ ፓምፑም ከተዘጋ በኋላ ሳይመለስ ከቆየ፣ ሥራው በሚገባ ተሠርቷል ማለት ነው። ይሁንና ውሃው ቀድሞ በፒኦኢው ውስጥ ከገባ ፓምፕ ብቻውን አያወጣውም፤ ዘይቱ አጥብቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ የሚረዳው አዲስ ድራየር ነው።

አሮጌውን ዘይት ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኮምፕረሰሩ በታች ያለውን ቡሽ ፈትቶ ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም፤ መንገደኛ ነው ብለናልና ከዘይቱ ከፊሉ በየቧንቧው ተበትኗል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ማፍሰስ ሲሶው ቢቀር፣ ፒኦኢ ተጨምሮ መኪናው ከሠራ በኋላ ሁለተኛ ሲፈስስ የሲሶው ሲሶ፣ ማለት ከመቶ 11 ገደማ ይቀራል፤ በሦስተኛው ከመቶ 4 ያንሳል። ለአዲሶቹ ጋዞች የሚፈቀደው የማዕድን ዘይት ቅሪት በብዙው ከመቶ 5 ስለ ሆነ ሦስት ጊዜ ማጠብ የተለመደው በዚህ ስሌት ነው። በየመካከሉም መኪናው አንድ ወይም ሁለት ቀን መሥራት ያስፈልገዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ እጥበት የሚፈጸመው አሮጌው ጋዝ ገና በውስጡ እያለ ነው። አር 22 ከሁለቱም ዘይቶች ጋር ስለሚዋሐድ የተደበቀውን የማዕድን ዘይት ከየጥጉ እያመጣ ያስረክባል፤ አዲሱ ጋዝ ይህን አያደርግም። ጋዙ የሚቀዳው ከመጨረሻው እጥበት በኋላ ነው፤ ወደ አየርም አይለቀቅም፤ በሲሊንደር ይሰበሰባል እንጂ። ቅሪቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ጠብታ ዘይት አስቀምጠው በብርሃን የሚመለከቱባት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ዋጋዋ ከአንድ ኮምፕረሰር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። መፍሰሻ ቡሽ የሌለው የታሸገ ትንሽ ኮምፕረሰር ከሆነ ከቦታው ተነቅሎ በመሳቢያው ቧንቧ በኩል ይገለበጣል።

የወጣውን ዘይት መለካትም አይዘነጋ። ሁለት ሊትር ከወጣ ሁለት ሊትር ይገባል። ድርቀትን የፈራ ሰው ዘይት ሲያበዛ ይታያል፤ የበዛው ዘይት ግን ወደ ብርዱ ቧንቧ ሄዶ መከማቸቱ አይቀርም። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ በኮምፕረሰሩ የዘይት መስኮት ቢመለከቱ እኩሌታው ላይ መታየት ይገባዋል።

ፒኦኢ አጣቢ ጠባይም አለው። ለዓመታት በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተጋግሮ የኖረውን ዝቃጭ እያላቀቀ ያመጣዋልና ወንፊቱና ጠባቡ ማለፊያ ሊደፈኑ ይችላሉ። ስለዚህ ድራየሩ በሥራው ፍጻሜ ይለወጣል፤ በጣም ያረጀ መኪና ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለተኛ ይለወጣል። የላስቲክ ቀለበቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በአር 22ና በማዕድን ዘይት ሲነፋ የኖረ ላስቲክ፣ እነዚያ ሲወጡ ይሟሽሽና ቀድሞ ያልነበረ ማፍሰስ ይጀምራል። ላስቲኮቹን በዚያው ጊዜ መለወጥ ርካሽ ነው፤ በኋላ በየመገጣጠሚያው ሳሙና እየቀቡ አረፋ መፈለግ ግን የሠራተኛንም የባለቤትንም ትዕግሥት ይፈጃል።

«ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ዘይት የማይጠይቅ ጋዝ አለ» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። አር 422ዲና አር 438ኤ የሚባሉት ድብልቅ ጋዞች ጥቂት ቡቴንና መሰሎቹ የተጨመሩባቸው ናቸው፤ ይህም የማዕድን ዘይቱን ያቀጥነውና እንዲመለስ ይረዳዋል። ኮምፕረሰሩና ጥቅል ቧንቧው በአንድ ላይ በሆኑበት፣ ቧንቧው ባጠረበት አነስተኛ መኪና ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራሉ። ቧንቧው ረጅምና ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን ግን እኔ አላምናቸውም፤ አምራቾቹም ራሳቸው እንዲህ ባለው ሥራ የዘይቱን ከፊል በፒኦኢ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ። ሻጩ ይህን ሁለተኛውን ቃል ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ከዚህ የሚከፋው ፕሮፔንን በአር 22 መኪና ውስጥ የሚሞሉት ናቸው። ከዘይቱ ጋር ይስማማል፤ ብርዱም መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕሮፔን የወጥ ቤት ጋዝ ወንድም ነው። መኪናው ለሚነድ ጋዝ ካልተሠራ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አፍስሶ ከአንድ የማብሪያ ብልጭታ ጋር ቢገናኝ የሚጠፋው ሥጋ ብቻ አይሆንም። አር 410ኤን የሚያስብም ይቅር፤ ግፊቱ ከአር 22 አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ አሮጌው ቧንቧና ኮምፕረሰር አይችሉትም።

ጋዙን መለወጥ ከምድር ሙቀት መጨመር ያድናል ብሎ የሚያስብ ካለም በመጠኑ ይታረም። አር 22 ሙቀትን በማፈን ከካርቦን ዳዮክሳይድ 1,810 ጊዜ ይበልጣል ሲባል አር 407ሲ 1,774 ጊዜ ይበልጣል። ለኦዞን ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለሙቀቱ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው። በ2016 በኪጋሊ የተደረገው የውሉ ማሻሻያ እነዚህንም ጋዞች ወደ ፊት እንዲቀነሱ አድርጓል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ያረጀና ቧንቧው የተበላ ከሆነ በጥገና ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ አዲስ መኪና መግዛቱ ይሻላል ብሎ መምከር የባለሙያው ድርሻ ነው፤ ለራሱ የሚያገኘው የእጅ ዋጋ ቢቀርበትም።

ስለ አውቶሞቢል አንድ ቃል ልጨምር። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚነዱት በዝተዋል። የእነዚህ ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር በቀበቶ ሳይሆን በከፍተኛ ቮልት ሞተር ይዞራል፤ ዘይቱም ሽቦውን እያጠበ ያልፋል። ለባለ ቀበቶው መኪና የለመድነው ፓግ ኤሌክትሪክን በሚገባ አይከላከልምና በዚህ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ቢገባ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል መተላለፍ ሊጀምር ይችላል። የሚፈቀደው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ፒኦኢ ነው። ለሁለቱም ዓይነት አውቶሞቢል በአንድ ጎማ ቱቦና በአንድ የዘይት መርፌ የሚሠራ ጋራዥ ካለ ዛሬውኑ ይለየው።

የልኳንዳው ባለቤት ያን ዓመት አዲስ ኮምፕረሰር ገዙ፤ ከፋብሪካ ፒኦኢ ተሞልቶ የመጣ ነበር። ሁለተኛው ባለሙያ ግን ኮምፕረሰሩን ተክሎ አልሄደም። ከታች ያለውን ጥቅል ቧንቧ አጥቦ አጸዳው፤ ወደ ጣራ የሚወጣውን ቧንቧ ከበፊቱ ይልቅ ጠባብ አድርጎ ጋዙ ዘይቱን እየገፋ እንዲያወጣው አደረገ፤ ከሥሩም ዘይት የሚጠራቀምበት የጎበጠ መታጠፊያ አበጀለት። በመጨረሻም በአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ የጋዙን ስም፣ የዘይቱን ወገንና ቁጥር፣ ስንት ሊትር እንደ ገባና ቀኑን በማይለቅ ቀለም ጽፎ በኮምፕረሰሩ እግር ላይ በሽቦ አሰረው። ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ልኳንዳው ተዘግቶ ሳለ ወደ ጣራው ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ፀሐይና ዝናብ ቢፈራረቁበትም ጽሕፈቱ እስከ አሁን ይነበባል።